ዋርካው ሥር ያለው ካፌና የቅዳሜው ጨዋታ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። የቼዝ ውድድሩ ሁለት ተኩል ላይ ይጀምራል ተብሎ ነበር። ልክ በሁለት ተኩል ተጀመረ። ስለዚህ ካፌ ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው። ሰዓት አጠገቡ አስቀምጦ ለሚጫወት ሰው፣ ሰዓት የሚያከብር ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ባህር ዳር ያላችሁ "ዋርካው ሥር" ስል ታውቁታላችሁ። ዘንባባ ከተተከለበት መንገድ ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ፣ የብረት በሩን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ጣና ፊት ለፊታችሁ ነው። ስድስት ጠረጴዛ ከዋርካው ጥላ ሥር አለ። የቀረው ቆርቆሮ የለበሰው በረንዳ ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ሰው የሚመጣው ለማኪያቶና ለዓሣ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቅዳሜና እሑድ የቼዝ ሰው አይጠፋበትም። በወር አንዴ ደግሞ የሁለት ቀን ውድድር ያዘጋጃሉ። መመዝገቢያው 200 ብር ነው፤ አንድ ቡና እዚያው ውስጥ ይታሰባል።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ቼዝ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ፖሊ፣ እዚሁ ባህር ዳር ያለው የምህንድስና ትምህርት ቤት፣ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ ከዶርም ይዞት በመጣው የካርቶን ቦርድ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የተጫወትኩት ከእሱ ጋርና በስልኬ ብቻ ነው። ስልክ ላይ የማታውቁት ሰው ያሸንፋችኋል፣ "አዲስ ጨዋታ" የሚለውን ትነካላችሁ፣ አለቀ። ፊት ለፊታችሁ ከተቀመጠ ሰው ጋር፣ እጁን እያያችሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ካፌውን የምመዝነው በቼዝ ነው። የምግቡን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ቦርዱን ነው። ማስመሪያ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፣ ለካሁት። አንዱ ቤት 5.5 ሳንቲ ሜትር፣ ንጉሡ 9.5 ሳንቲ ሜትር። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ለውድድር የሚመክረው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤትና 9.5 አካባቢ የሆነ ንጉሥ ነው። ልኩን ጠብቀዋል። ጠጠሮቹ ስታውንተን የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ በየውድድሩ የምናየው። ፕላስቲክ ናቸው፣ ግን ግርጌያቸው ክብደት አለው፣ ታቻቸው ላይም ጨርቅ ተለጥፎበታል። ጣና ዳር ለሚጫወት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ሐይቁ ዝም ብሎ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ቀላል ጠጠር ይዛችሁ ብትመጡ ፈረሳችሁ ራሱ እየተነሳ ይሄዳል።

ሰዓቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ስምንት ቦርድ ነበር፣ ትክክለኛ የቼዝ ሰዓት የነበረው አምስቱ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱ ላይ በስልክ መተግበሪያ ነው የተጫወትነው። በሁለተኛው ዙር እኔ ያ ደረሰኝ። የሚጠራው ድምፅ እንዲጠፋ አልተደረገም ነበር፤ ተጋጣሚዬ እያሰበች ሳለ ስልኩ ጮኸ፣ የሰዓቱም ገጽ ጠፋ። ዳኛው መጥቶ ደቂቃውን በግምት መለሰልን። በቼዝ ውድድር ስልክ ከተጫዋቹ አካባቢ እንዲርቅ የሚደረግበት ምክንያት አለ። ስልክን ሰዓት አድርጎ ማስቀመጥ ያንን ሁሉ ያፈርሰዋል። መመዝገቢያው ላይ 50 ብር ጨምረው ሦስት ሰዓት ይግዙ። እኔ እከፍላለሁ፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ እንከፍላለን ብለዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው።

አሥራ ስድስት ተጫዋች ነበርን፣ አራት ዙር። ምድቡ የሚወጣው በስዊስ ስልት ነው። ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በየዙሩ ነጥቡ ከሚመሳሰለው ሰው ጋር ይገናኛል። የመጀመሪያው ዙር ግን ሁሉም ዜሮ ስለሆነ በሬቲንግ፣ ማለትም በጥንካሬ ነጥባቸው፣ ይደረደራሉ፣ ዝርዝሩ ለሁለት ይቆረጣል፣ ከላይኛው ግማሽ አንደኛው ከታችኛው አንደኛ ጋር ይጋጠማል። አንደኛ ከዘጠነኛ፣ ሁለተኛ ከአሥረኛ። እኔ አሥረኛ ነበርኩ።

ሁለተኛው የፖሊ ተማሪ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አዘጋጆቹ በያዙት ዝርዝር የእኔ ሬቲንግ 1450 አካባቢ፣ የእሱ 1850 አካባቢ ነው። የ400 ነጥብ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ሬቲንግ አርፓድ ኤሎ የተባለ የፊዚክስ መምህር ያወጣው ስሌት ነው፤ ፊዴ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። በዚያ ስሌት በሁለት ሰዎች መካከል 200 ነጥብ ሲኖር ጠንካራው ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ነጥብ ይጠበቅበታል። 400 ሲሆን ወደ 92። ለእኔ የቀረችው ስምንቷ ናት ማለት ነው። አቻ መውጣት ግማሽ ነጥብ ስለሆነ ግን ስምንቷ ውስጥ አቻም አለ። እኔ የመጣሁት ለእሷ ነው።

እኔ ልቀመጥ ስል ልጁ ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ። "እንዴት አደሩ እትዬ" አለኝ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ከዚያ ፈረሱን ቤቱ መሐል ለማስተካከል "አስተካክላለሁ" ብሎ ነካው። ይህን ሳይል ቢነካው የነካውን መጫወት አለበት። ገና ሰዓቱ ሳይጀምር እንኳ ይላታል። አንድን ተጫዋች በዚህ ትለዩታላችሁ።

እሱ ነጭ፣ እኔ ጥቁር። ኢ4 ሲጫወት ሲ6 መለስኩ (ፊደሉ የቦርዱን መስመር፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል)፣ ካሮ-ካን። የማውቀው መክፈቻ እሱ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይፈርስም። እሱ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ወታደሮቹን ቀይሮ ቦርዱን ጸጥ አደረገው። ከዚያ መቀያየር ጀመረ። ቢሾፕ በቢሾፕ። ፈረስ በፈረስ። በ19ኛው ንግሥት በንግሥት። እኔ ደስ አለኝ። ጠጠር ባነሰ ቁጥር አደጋው የሚያንስ፣ ወደ አቻ የምጠጋ መስሎኝ ነበር። ከጠንካራ ሰው ጋር የሚጫወት ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ነገሩ ሌላ ነው። ንግሥቶቹ ሲወጡ ድንገተኛ አደጋው ይቀንሳል፣ የዕውቀት ልዩነቱ ግን ያኔ ነው ቦርዱ ላይ የሚወጣው። እሱ ወደሚያውቀው ሜዳ እየወሰደኝ ነበር፣ እኔም በደስታ እየተከተልኩት።

በ24ኛው ንጉሡን ወደ መሐል መራመድ ጀመረ። የእኔ ንጉሥ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። በ31ኛው የዲ5 ወታደሬን በላ። ሦስት ጊዜ አጥቅቶታል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠበቅኩት፤ ቆጥሬ ነበር፣ አንዱን ሩክ፣ ግንብ የሚመስለውን ጠጠር፣ ከኋላ አላየሁትም። በአንድ ወታደር ተበለጥኩ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። እርምጃውን ጻፈ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስተኛ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

እዚህ ላይ ስለ አስተናጋጇ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ያን ዕለት ንፋሱ ቀድሞ ተነሥቶ ወረቀቴን ገለበጠው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለአንድ ሰዓት ያህል የራሱ ጊዜ አለው፣ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመራል፤ በዚህ ሕግ እርምጃዎቹን እስከ መጨረሻው መጻፍ ግዴታ ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ጣጣ ነው። ልጅቷ ምንም ሳትናገር መጣች፣ የስኳር ዕቃውን ከጎን ጠረጴዛ አንሥታ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው፣ ሄደች። የቡና ሲኒ በጭራሽ ቦርዱ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም። ከጎን ዝቅ ያለች በርጩማ አለች፣ እዚያ ላይ። ሲኒው ሲቀመጥ አይሰማም። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ ግን የዚህ ካፌ ግማሽ ዋጋ እሷ ናት።

ጨዋታው ሌሎቹ ወታደሮች ተበላልተው እስኪያልቁ ቀጠለ። 52ኛው ላይ የቀረው ይህ ነው። የእሱ ንጉሥ ኢ5፣ ወታደሩ ዲ5፣ ሩኩ ኤ7። የእኔ ንጉሥ ዲ8፣ ሩኬ ኤች6። ቼዝ ያላችሁ ደርድሩት። እኔ ሩኬን ኤች6 ላይ ያስቀመጥኩት ንጉሡ ወደ ፊት እንዳይገባ ብዬ ነው፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አላሰብኩም። እሱ ትንሽ አሰበና ወታደሩን ወደ ዲ6 ገፋ።

እኔ 11 ደቂቃ ቀርቶኛል። እሱ 26። ወታደሩ ሁለት ቤት ቀርቶታል። ፈራሁ። ያለኝን ነገር አጥብቄ ለመያዝ ሩኬን እዚያው ረድፍ ላይ አንድ ቤት አንሸራተትኩት፣ ጂ6። ንጉሡን ዲ5 አደረገው። ጂ5 ላይ ሩኬን አውርጄ ከጎን ቼክ አልኩት፣ ንጉሡን አጠቃሁት ማለት ነው። ንጉሡ ሲ6 ገባ፣ ከወታደሩ ጎን። ከዚያ ቼክ የለም። ሩኩ ኤ8 ሲመጣ ማት ነው፣ ንጉሤ መውጫ የለውም። ንጉሤን ባሸሸውም ወታደሩ ንግሥት ይሆናል። እጅ ሰጠሁ።

ጨበጠኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ይህ እኮ አቻ ነበር" አለኝ።

እኔ ዝም አልኩ።

"ቢፈቅዱ ላሳይዎት?"

ጠጠሮቹን አሁን የጻፍኩላችሁ ቦታ ላይ ከጭንቅላቱ መለሳቸው። "እዚህ ድረስ ልክ ነበሩ" አለኝ፣ ሩኬን ኤች6 ላይ እያሳየ። "ሳያውቁት የፊሊዶርን መከላከያ ነው የያዙት።" ፊሊዶር በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረ ፈረንሳዊ ነው፤ ሙዚቃ ይደርስ ነበር፣ ቼዝም በዘመኑ የሚወዳደረው አልነበረም። አንድ ሩክ ብቻ ያለው ሰው ሩክና ወታደር ካለው ጋር እንዴት አቻ እንደሚወጣ ያሳየው እሱ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሩኬ ከእኔ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ እስካለ ድረስ የእሱ ንጉሥ ወደ ፊት መግባት አይችልም። ለመግባት ወታደሩን መግፋት አለበት። ወታደሩ የተገፋ ዕለት ግን ንጉሡ የሚጠለልበትን አጣ።

"ልክ ዲ6 ሲገፋ፣ ሩክዎን እስከ ታች ያውርዱት። ኤች1። ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ንጉሡ የሚደበቅበት የለውም።"

ሞከርነው። እኔ ጥቁሩን ያዝኩ፣ እሱ ነጩን። ንጉሡን ኢ6 ሲያስገባ ኢ1 ላይ ቼክ። ዲ5 ሲመለስ ዲ1 ላይ ቼክ። ሲ6 ሲል ሲ1። ንጉሡ ከወታደሩ በራቀ ቁጥር ወታደሩ ብቻውን ይቀራል። አቻ። እንደገና ደረደረው፣ አሁን ወታደሩን ከመሐል አንድ መስመር አዛወረው። አቻ። ከዚያ ቦርዱን አዞረውና ጠንካራውን ጎን ለእኔ ሰጠኝ፣ እሱ ደካማውን ያዘ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሞከርኩ። አንዴም አላሸነፍኩትም። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ በእጄ ገባኝ ማለት ይሻላል።

ጂ6 ከሄድኩ በኋላም ጊዜ ነበረኝ። ያጠፋኝ የጎን ቼኩ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ሩኬን ወደ ታች ባወርድ ይበቃኝ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ቀስ ብሎ ነው፣ "ያኔም ልክ ነበሩ፣ እዚህም ነበሩ" እያለ። ከእኔ በብዙ የሚበልጥ ልጅ እኔ የት ድረስ ልክ እንደነበርኩ ፈልጎ ሲያሳየኝ ዓይኔ እንባ ቋጠረ። ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚያስተምረኝ።

ለካፌው ትልቁን ምስጋና የምሰጠው በዚህ ነው። ሌሎች ቡና ቤቶች ውስጥ ሲኒ ባዶ ሲሆን ሒሳብ ይመጣል፣ ወንበር ይፈለጋል። እኛ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አርባ ደቂቃ ተቀምጠናል፣ በረንዳው ሞልቶ ሰው ቆሟል፣ ማንም ተነሡ አላለንም። ባለቤቱ አለፈ፣ ቦርዱን አየ፣ "ፊሊዶር ነው?" አለና ሄደ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያለ ክፍት ሰዓት ሆን ብለው እንደሚተዉ በኋላ ነው የሰማሁት።

በረንዳው ግድግዳ ላይ አንድ የሰንጠረዥ፣ የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ መጫወቻ ጨርቅ ተሰቅሏል። ቀይ ነው፣ በጥቁር ክር ተሰምሯል፣ እንደ አሁኑ ቦርድ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። አባቶቻችን ይጫወቱበት የነበረው እሱ ነው። መጀመሪያ ወረራ አለ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። እዚያ ጨርቅ ሥር አንድ አዛውንት ይቀመጣሉ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ያስረዳሉ። በውድድር ሰዓት ግን እሳቸውና ጓደኞቻቸው ድምፃቸው ይሰማል። "ፈረሱን! ፈረሱን!" ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በአጠገቤ ቦርድ ላይ። ትልልቅ ሰዎችን ዝም በሉ ማለት ከባድ ነው፣ ይገባኛል። የውድድሩን ጠረጴዛዎች ሁሉ ወደ ዋርካው ሥር አውጥተው ለተመልካቹ በረንዳውን ቢተዉ ይሻላል። ሙዚቃውን ግን ከጠዋት ጀምሮ ዘግተውታል፣ ለዚያ አመሰግናለሁ።

ስለ ምግቡ አጭር ላድርገው። ቡናው የዘጌ ነው፣ እዚያው ይቆላል፣ ሦስት ጠጥቻለሁ። ማኪያቶ 70 ብር። ምሳ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ለብለብ አዘዝኩ። በ20 ደቂቃ ደረሰ፣ ትኩስ ነው፣ ሚጥሚጣው ለብቻው በትንሽ ሳህን መጣ። እጄን ታጥቤ ስመለስ ጠጠሮቹን የሚያጸዳ እርጥብ ጨርቅ በየቦርዱ ተቀምጦ አገኘሁ። በዓሣ እጅ ንግሥት የነካ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ለወንድም ለሴትም። ከአሥራ ስድስቱ ተጫዋቾች ሴቶች ሦስት ነበርን። ቁጥራችን እንዲበዛ ከፈለጉ ሁለተኛ መጸዳጃ ቤት ይሥሩ።

ሌላው የሰዓቱ ነገር ነው። ባጃጅ በጊዜ ስለሚገባ ሁለተኛው ዙር አሥር ተኩል ሳይሆን ማለቅ አለበት። ቅዳሜ የአንድ ጠረጴዛ ጨዋታ ረዝሞ ሁለቱ ልጆች በእግራቸው ነው የሄዱት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢጀመር ይህ ይቀራል።

እኔ በመጨረሻ ከአራት አንድ ተኩል አገኘሁ። አንድ አሸንፌ፣ አንድ አቻ። አቻው በሩክ አልነበረም፣ በቢሾፕ ነው፤ የፊሊዶር ቦታ እስከ እሑድ ማታ ድረስ አልገጠመኝም። ልጁ ሦስት ተኩል ይዞ አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ ሰዓት ነበር፣ ትክክለኛ የቼዝ ሰዓት፣ ከነሣጥኑ። እዚያው ለካፌው ትቶት ሄደ። ስለዚህ አሁን ስድስት አላቸው፣ ሁለት ይቀራል።

የሚቀጥለው የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ምዝገባ ሐሙስ ይዘጋል፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ። ሹራብ ያዙ፣ ጠዋት ከሐይቁ ይበርዳል። ቦታ ምርጫ ካገኛችሁ ከዋርካው ግንድ ጋር ያለውን ጠረጴዛ ያዙ፣ ንፋሱ እዚያ ላይ ይሰበራል። ካላገኛችሁ ደግሞ ለወረቀታችሁ የስኳር ዕቃ ጠይቁ። ልጅቷ ታውቃለች።